ከመቶ አሥራ አራት አንዷ ስትጎድል

በጎጃም ደጋ በክረምት ሕፃን የሚጠበቅበት ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ሙቀት ነው። ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ወረዳዋም በስተደቡብ እስከ አባይ ይዘልቃል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲያያይዘው የታጠበ ልብስ አይደርቅም፤ ማታ ማታም ብርዱ በበሩ ሥር እየገባ አጥንት ይነካል። አዋቂው ጋቢውን ደርቦ ወደ ምድጃው ይጠጋል። ለአራስ ሕፃን ግን ጋቢው ይከብደዋል፣ ነጠላውም አያሞቀውም። የሹራብ ብርድ ልብስ ነገር ወደ ቤታችን የገባው በዚህ መሐል ነው።

የታናሽ ወንድማችን ባለቤት የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቀው በነሐሴ መጨረሻ ነበር። ከሪያድ የተመለሰች የአጎታችን ልጅ ስድስት ልቃቂት ነጭ የሹራብ ክር፣ ሁለት መርፌና አንድ ወረቀት ይዛልን መጣች። ወረቀቱ ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ነው። ከላይ የብርድ ልብሱ ሥዕል አለ፤ ከዳር እስከ ዳር እንደ ውኃ ሞገድ ከፍና ዝቅ የሚል፣ በየሞገዱ መሐል ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተደረደሩበት፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ሥራ ነው። ከሥሩ ግን በፊደልና በቁጥር የተሞሉ አራት መስመሮች ብቻ ናቸው ያሉት። «ኢንሻአላህ ለዓቂቃው እናደርሰዋለን» ተባባልን። ሹራብ በልጅነታችን በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የተማርነው ስለሆነ የሚያቅተን አልመሰለንም።

ነገሩ እንዳሰብነው አልሆነም። ያቺ አራት መስመር ወረቀት ሦስት ጊዜ አስተርትራናለች። በዚህ ጽሑፋችን ስህተታችን ምን እንደነበረና እንዴት እንደፈታነው እናጫውታችኋለን። ተመሳሳይ ሥራ የጀመሩ እህቶች ከእኛ ድካም እንዲያተርፉ፣ ያልጀመሩትም ለመጀመር እንዲነሳሱ በማሰብ ነው።

አንድ ክርና ሁለት መርፌ

እንደሚታወቀው በአገራችን ልብስ የሚሠራው በሽመና ነው። እናቶቻችን ጥጡን ባዝተው በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ሸማኔው ደግሞ ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመሐሉ ያሳልፋል። በጎጃምና በጎንደር ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ለረጅም ዘመን በሽመናና በንግድ ሲተዳደሩ ኖረዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአባይ ማዶ የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች ይገናኙበት የነበረው ስመ ጥሩው የባሶ ገበያም ከእኛው አካባቢ ብዙ የሚርቅ አልነበረም። ስለዚህ ክር ለቤታችን እንግዳ አይደለም።

ሹራብ ግን ከሽመና ይለያል። ድርና ማግ የለውም፤ ሙሉው ልብስ የሚወጣው ከአንድ ክር ነው። ክሩ በመርፌው ላይ በቀለበት በቀለበት ይደረደራል። እያንዳንዱን ቀለበት ለአነጋገር እንዲመቸን «ዓይን» እንበለው። በቀኝ እጅ ያለው መርፌ በግራው መርፌ ላይ ባለው ዓይን ውስጥ ገብቶ ክሩን ይስብና አዲስ ዓይን ይፈጥራል፤ አሮጌው ዓይን ይወርዳል። እንዲህ እያለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲደርስ አንድ መስመር ሞላ እንላለን።

ዓይኑ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። ክሩ ከመርፌው በስተኋላ ሆኖ ሲሠራ «ፊት» እንለዋለን፤ ገጹ ለስላሳ ይሆናል። ክሩ ከመርፌው በስተፊት ሆኖ ሲሠራ ደግሞ «ግልባጭ» ነው፤ ገጹ ጉብ ጉብ ይላል። ይህችን የክሩን ቦታ አንባቢያችን ልብ ይበሉልን፤ ያሳሳተችን እርሷው ናትና።

የወረቀቱ ቋንቋ

ወረቀቱ ላይ «ኬ» ሲል ፊት፣ «ፒ» ሲል ግልባጭ ማለቱ ነው። «ቶግ» ሁለቱን ዓይን ባንድነት ወግቶ አንድ ማድረግ ነው። እነዚህን አላጣናቸውም። «ዋይ ፎርዋርድ» የምትለዋ ግን አስቸገረችን። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የወንድማችን ልጅ መዝገበ ቃላት አምጥታ «ክሩን ወደ ፊት አምጣ ማለት ነው» አለችን።

ንድፉ ሲተረጎም እንዲህ ሆነ። በመርፌው ላይ 114 ዓይን ይጀመራል። በየዳሩ 3 ዓይን ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ሁልጊዜ በፊት ይሠራል። በመሐል የሚቀረው 108 ዓይን ስድስት ክፍል ይሆናል፤ እያንዳንዱ ክፍል 18 ዓይን አለው። 114 የሚለው ቁጥር ከቁርኣን ሱራዎች ቁጥር ጋር ስለገጠመ በቤታችን ማንም አልረሳውም።

አንደኛው መስመር በሙሉ ፊት፣ ሁለተኛው መስመር ከጠርዙ በቀር ግልባጭ፣ አራተኛው መስመር በሙሉ ፊት ነው። ጥበቡ ያለው በሦስተኛው መስመር ላይ ነው። በየክፍሉ እንዲህ ይላል፦ ሁለት ሁለቱን ዓይን ባንድነት ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ «ክሩን ወደ ፊት፣ አንድ ፊት» ስድስት ጊዜ፤ ከዚያ እንደገና ሁለት ሁለቱን ባንድነት ሦስት ጊዜ። አራቱ መስመሮች ሲያልቁ እንደገና ከአንደኛው ይጀመራል።

የጠፉት 36 ዓይኖች

እኛም እንደ ታዘዝነው አደረግን። ሁለት ሁለቱን ባንድነት ሦስት ጊዜ ሠራን። ከዚያም ክሩን ወደ ፊት አመጣነው። ቀጥሎ «አንድ ፊት» ስለሚል፣ ፊት የሚሠራው ደግሞ ክሩ በስተኋላ ሆኖ ስለሆነ፣ ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መሐል መልሰን ወደ ኋላ ወሰድነውና አንድ ፊት ሠራን። ስድስቱንም ጊዜ እንዲሁ። መስመሩ ሲያልቅ በሥዕሉ ላይ ያለው ቀዳዳ የለም፤ ሥራውም እንደ ተቀደደ ከረጢት አፍ ተሰብስቧል። ብንቆጥር 78 ዓይን ሆነ። ሠላሳ ስድስቱ የት ገቡ?

ክሩ የቀጠነ፣ መርፌውም የማይሆን መስሎን ተርትረን እንደገና ሠራን። አሁንም 78። እናታችን ጥጥ እየፈተሉ በጥግ ሆነው ያዩናል፤ አልተናገሩም።

መፍትሔው የጀመረው ከዚያችው ተማሪ ልጅ ነው። ደብተሯን አወጣችና «አክስቴ፣ እስቲ እንደ ሒሳብ እንየው» አለች። «አንዱ ክፍል ሲጀመር 18 ነው። በመጀመሪያ ሁለት ሁለቱ ሦስት ጊዜ ሲጣመሩ ስድስቱ ሦስት ይሆናሉ። በመጨረሻም እንዲሁ ስድስቱ ሦስት ይሆናሉ። ስለዚህ ከየክፍሉ ስድስት ዓይን ይቀነሳል። ስድስት ክፍል በስድስት ሲባዛ 36 ነው። የጠፉት እነርሱ ናቸው።»

«እሺ፣ ታዲያ ምን ይሁን?»

«ብርድ ልብሱ መጥበብ የለበትም። መስመሩ ሲያልቅም 18 ሆኖ መገኘት አለበት። በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ከቀረ፣ መሐሉ 12 መሆን አለበት ማለት ነው። ወረቀቱ ግን በመሐል የሚሠራው ስድስት ፊት ብቻ ነው ይላል። የቀሩት ስድስቱ ከ‹ክሩን ወደ ፊት› ካልመጡ ከየት ይመጣሉ?»

ዝም አልን። ልጅቷ ሹራብ ሠርታ አታውቅም፤ ነገር ግን ሒሳቡ የማይዋሽ ሆነ። «ክሩን ወደ ፊት» የምትለዋ ትእዛዝ ክሩን ከማንቀሳቀስ ያለፈ ሥራ አላት፤ በራሷ አንድ ዓይን መውለድ አለባት። እንዴት እንደምትወልድ ግን ሒሳቡ አይነግረንም።

ያን ጊዜ እናታችን እንዝርታቸውን አስቀምጠው «ወዲህ አምጡት» አሉ። ሹራብ አያውቁም፤ ክርን ግን ስድሳ ዓመት ያውቁታል። መርፌውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና «ክሩን ወደ ፊት ካመጣችሁት በኋላ ለምን ትመልሱታላችሁ? እዚያው ተዉትና ውጉ» አሉን። እንዳሉት ክሩን በፊት እንዳለ ትተን የሚቀጥለውን ዓይን ፊት ሠራን። ክሩ ወደ ኋላ የሚሄድበት ሌላ መንገድ ስላጣ በመርፌው ጀርባ ላይ ተሻግሮ ሄደ። በተሻገረበትም ቦታ አዲስ ዓይን ተቀመጠ፤ ከሥሩም ቀዳዳ ታየ።

ነገሩ ይኸው ነበር። እኛ ክሩን በመርፌዎቹ መሐል ስንመልሰው የተሰጠንን ዓይን በገዛ እጃችን እናጠፋው ነበር። ስድስት ይቀነሳል፣ ስድስት ይጨመራል፤ ልብሱ አይጠብም፣ አይሰፋም። የሚቀነስበት ቦታ ጨርቁን ወደ ታች፣ የሚጨመርበት ቦታ ወደ ላይ ስለሚገፋው ሞገዱ የሚፈጠረው ከዚሁ ነው። በዚያ ምሽት 114 ሞልቶ ስናየው አልሐምዱሊላህ አልን።

ሩቅ የመጣ ጥበብ

ወጣት አንባቢዎቻችን ሹራብን የፈረንጅ ሥራ አድርገው እንዳያዩት አንድ ነገር እናንሳ። በግብፅ አረብኛ «ሹራብ» ማለት ካልሲ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚገኙት በጣም ጥንታዊ የሹራብ ሥራዎች መካከል በግብፅ የተገኙ የጥጥ ካልሲዎች ይገኙበታል። እነዚህ ሰማያዊና ነጭ ካልሲዎች ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠሩ ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ የኩፊ ዓይነት የአረብኛ ፊደል በዓይን በዓይን ተቆጥሮ ተሠርቶባቸዋል።

በስፔን አገር በቡርጎስ ከተማ በሚገኘው የላስ ኡኤልጋስ ገዳም ደግሞ በ1275 እ.ኤ.አ. ከሞተው ከካስቲል ልዑል ፈርናንዶ ዴ ላ ሴርዳ መቃብር በሹራብ የተሠራ የትራስ ልብስ ተገኝቷል። ሥራው የሙስሊም ባለእጆች እንደሆነ ይታመናል፤ በዳሩም ላይ በኩፊ ጽሕፈት «በረካ» የሚለው ቃል ተደጋግሞ ይነበባል። የክርስቲያን ልዑል በሙስሊም እጅ በተሠራ ትራስ መቀበሩ ጥሩ እጅ በጎረቤት ዘንድ ሁልጊዜ የተከበረ መሆኑን ያሳያል።

እኛ የሠራነው የሞገድ ንድፍ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ካሉት የሼትላንድ ደሴቶች የመጣ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የዚያ ደሴት ሴቶች ክሩን እጅግ አቅጥነው እየፈተሉ፣ ትልቁ ሻል በጣት ቀለበት ውስጥ እስኪያልፍ ድረስ ስስ አድርገው ይሠሩ ነበር። ወንዶች ልጆችም ቢሆኑ «ይህ የሴት ሥራ ነው» ብለው ገጹን አይለፉት። በእኛ አገር ሸማኔው ወንድ ነው፤ በፔሩ አገር በታኪሌ ደሴት ደግሞ ሹራብ የሚሠሩት ወንዶችና ወንዶች ልጆች ናቸው።

ድምሩ ልክ፣ ቦታው ስህተት

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሥራው ከተቃና በኋላ እጃችን ፈጠነ። ሁለት እህትማማቾች እየተቀባበልን በየማታው አንድ ሁለት ሞገድ እንጨምራለን። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ስንሠራ መስመሩ ሲያልቅ 113 ሆነ። አንዷ ጎድላለች።

መሽቷል፤ ደክሞናል። የት እንደ ጎደለች ለመፈለግ ዓይኑን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልግ ነበር። እኛ ግን ቀላሉን መረጥን፤ በጠርዙ ላይ አንድ ዓይን ጨመርንና 114 አልነው። በማግስቱም አንዷ ስትጎድል እንዲሁ አደረግን። ድምሩ ሁልጊዜ ልክ ነው፤ መስመሩም ሳይተርፍ ሳይጎድል ያልቃል። ስለዚህ ምንም የቀረ ነገር አልመሰለንም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጎረቤታችን እትዬ ነፍሰ ጡሯን ሊጠይቁ መጡ። ሥራውን ከፊታቸው ዘርግተን ምርቃት ስንጠብቅ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩትና «ልጆቼ፣ ይኼ እዚህ ጋ ሲደርስ ለምን አነከሰ?» አሉን። ጣታቸውን ያሳረፉት በሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። ሄደን ከእርሳቸው ጎን ቆመን ስናይ እውነትም ከታች ቀጥ ብሎ የመጣው የሞገድ ጫፍ እዚያ ላይ ወደ ጎን ተንሸራቷል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ክፍሎችም ሁሉ ተከትለውት ሄደዋል። መርፌው ላይ አቀርቅረን ስንሠራ ያልታየን ነገር ራቅ ብለው ለተቀመጡት እንግዳ ወዲያው ታያቸው።

ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ስሟ የታወቀ ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። የእትዬ ወንድም በወጣትነታቸው ቅኔ ተማሪ ነበሩ። እትዬም እየሳቁ «ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው፤ ወንድሜ ሲነግረኝ ግን ቤቱ ሞላ ተብሎ ብቻ አይታለፍም፤ በመሐል ልኩ ከጎደለ መምህሩ ‹መልስ› ይሉታል» አሉን።

ነገሩ ገባን። ዓይኗ የጎደለችው በሦስተኛው ክፍል ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ክሩን ማሻገር ረስተናል። እኛ የጨመርነው ግን በመጨረሻው ጠርዝ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ እስከ ጠርዙ ድረስ ያለው ሁሉ በአንድ ዓይን ተዛነፈ። በማግስቱ ስንደግመው በሁለት ዓይን ተዛነፈ። ድምሩ ልክ መሆኑ ጉድለቱን አልሞላውም፤ እንዲያውም እንዳናየው ሸፈነልን። 113 ብለን ትተነው ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው ሞገድ ራሱ ያስጨንቀንና እንፈልገው ነበር።

ምን ይደረግ? ወደ ስህተቱ ቦታ ለመመለስ 20 መስመር መተርተር ነበረበት። ልጁ ሊወለድ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቷል። ከመሐላችን «ለሕፃን ነው፣ ማን ያየዋል?» ያለችም አልጠፋች። እናታችን ግን «ልጁ ሲያድግ ያየዋል። እናንተም ባያችሁት ቁጥር ታስታውሱታላችሁ» አሉ። ክሩን ይዘን ሳብነው። የአራት ማታ ሥራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልቃቂት ሆኖ ተጠቀለለ። ሐቁን እንናገርና፣ አንዳችን አልቅሰናል።

ለመሥራት ለምትፈልጉ

ከዚያ ወዲህ ሥራችንን የጠበቁልን አምስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ በየ18 ዓይኑ መሐል በመርፌው ላይ ቀለም ያለው ክር በቀለበት መልክ ማሰር። በዚህ ንድፍ እያንዳንዱ ክፍል የሚጀምረውም የሚያልቀውም ሁለት ሁለቱን በማጣመር ስለሆነ ምልክቱ ከቦታው አይሸሽም። ሦስተኛው መስመር ሲያልቅ 114ን በሙሉ መቁጠር ቀርቶ በየምልክቱ መሐል 18 መኖሩን ማየት ይበቃል። ጉድለት ካለም በየትኛው ክፍል እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ መቁጠር ያለበት ሦስተኛው መስመር እንዳለቀ ነው። መቀነሱም መጨመሩም የሚደረገው በዚያ መስመር ብቻ ስለሆነ ስህተቱም የሚፈጠረው በአብዛኛው እዚያው ነው።

ሦስተኛ፣ የተረሳች ዓይን በአራተኛው መስመር ላይ ከተገኘች መተርተር አያስፈልግም። ዓይኗ መሆን በነበረባት ቦታ በሁለቱ ዓይኖች መሐል የተዘረጋች ክር አለች። እርሷን በግራው መርፌ አንስቶ እንደ አንድ ዓይን መሥራት ነው። ቀዳዳዋ ከሌሎቹ ትንሽ ጠበብ ትላለች፤ ሲታጠብ ግን ትመሳሰላለች። ስትሠሩት ከፊቷ ውጓት፤ ከኋላዋ ከተወጋች ትጠመዘዝና ቀዳዳው ይዘጋል።

አራተኛ፣ በየአምስት ሞገዱ አንድ ጊዜ አራተኛው መስመር እንዳለቀ፣ በልብስ መስፊያ መርፌ ሌላ ቀለም ያለው ቀጭን ክር በሁሉም ዓይኖች ውስጥ ማሳለፍ። ቀለበት የተደረጉትን ምልክቶች አብሮ እንዳይወጋቸው ተጠንቀቁ። በኋላ መተርተር ቢያስፈልግ ሥራው እዚያ ክር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ አንድም ዓይን አይጠፋም። ይህችን አስቀድመን አውቀን ቢሆን ከ20 መስመር ጋር ያን ያህል ባልተጨነቅን ነበር።

አምስተኛ፣ ሲደክም ማቆም። ስህተቶቻችንን መለስ ብለን ስናያቸው ሁሉም የተፈጠሩት «አንድ መስመር ብቻ» እያልን ከመሸ በኋላ በሠራነው ላይ ነው።

መርፌው 4 ወይም 4 ተኩል ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ክሩም መካከለኛ ውፍረት ያለው ቢሆን ስፋቱ እንደ እጃችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይመጣል። ሲጀመርና ሲያልቅ ስድስት ስድስት መስመር በሙሉ ፊት ቢሠራ ጫፉ አይጠቀለልም። ስፋቱን ለመጨመር የሚፈልግ 18 18 ዓይን መጨመር እንጂ እንደ ዘፈቀደ መጨመር የለበትም።

ለሕፃኑ የሚደረግ ጥንቃቄ

ቀዳዳ ያለው ሥራ ያምራል፤ የሕፃን ጣት ግን ቀጭን ነው። ትልልቅ ቀዳዳ ካለው ጣቱ ገብቶ ሊታነቅ ስለሚችል ክሩን ጠበቅ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል። የክር ጫፎችም በደንብ ተደብቀው መሰፋት አለባቸው። ሕፃኑ ሲተኛ ብርድ ልብሱ ፊቱ ላይ እንዳይወጣ መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ የጤና ባለሙያዎች ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በተኛበት ላላ ያለ ልብስ እንዳይደረግበት ይመክራሉ። እንዲህ ያለው ብርድ ልብስ የሚሻለው ሕፃኑ በእቅፍ ወይም በጀርባ ሆኖ ነቅቶ ሳለ ነው። አራስ ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ ገላው ከገላዋ ጋር ተገናኝቶ ሲቀመጥ የሚያገኘውን ሙቀት ደግሞ ማንም ልብስ አይተካውም።

ምድጃ ባለበት ቤት የክሩን ዓይነት ማወቅም ያስፈልጋል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ርካሽና ለመታጠብ የሚመች ነው፤ እሳት ሲነካው ግን ይቀልጥና ገላ ላይ ይጣበቃል። የበግ ፀጉር ክር በቀላሉ አይቀጣጠልም። ጥጥ ገላን አይኮሰኩስም፤ እሳት ግን ፈጥኖ ይይዘዋል። የትኛውም ቢሆን ከእሳት መራቅ አለበት። ሲታጠብ በለብታ ውኃ ሆኖ ሳይጠመዘዝ ይጨመቅና በፎጣ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ በገመድ ላይ ከተሰቀለ ይለጠጣል።

መጨረሻው

ሕፃኑ ቀኑን አልጠበቀም። ከታሰበው አሥር ቀን ቀድሞ በነሐሴ አጋማሽ በአንድ ዝናባማ ሌሊት ተወለደ፤ እናቱም በሰላም ተገላገለች፤ አልሐምዱሊላህ። ብርድ ልብሱ ገና ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያሳለፈው ከእናቱ ደረት ላይ፣ አያቱ ከፈተሉት ለስላሳ ነጠላ ታጥፎ ተደርቦለት ነው።

እኛም ተሰብስበን መከርን። በወረቀቱ ላይ የተባለው 50 ሞገድ ነው፤ የደረስንበት 31ኛው ላይ ነበር። በሰባተኛው ቀን ለሚደረገው ዓቂቃ ሁሉንም ለመጨረስ መሮጥ ማለት እንደገና በሻማ ብርሃን መሳሳት ማለት ነው። ስለዚህ 36ኛው ሞገድ ላይ ስድስቱን መስመር ጠርዝ ሠርተን ዘጋነው። ከታሰበው አጥሮ አራት ማዕዘን ሆነ። በዓቂቃው ማለዳ አያቱ ሕፃኑን ጠቅልለው ሲያወጡት ሞገዶቹ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብለው ይታዩ ነበር። እትዬም በእንግድነት መጥተው ነበርና ቀርበው አንዱን ሞገድ በጣታቸው ተከትለው እስከ ጫፍ ወሰዱት። «አሁን አላነከሰም» አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ በየቤታችን የምንቆጥረው ነገር ብዙ ነው። የወር ወጪ አለ፣ የልጆች ትምህርት አለ፣ የቤተሰብ ቃል አለ። አንዳንዴ መሐል ላይ አንድ ነገር ይጎድልና ዳር ላይ ሌላ ጨምረን «ሞላ» እንላለን። ለልጁ ያልሰጠነውን ጊዜ በስጦታ፣ ለጎረቤት ያልጠየቅነውን ይቅርታ በፈገግታ እናካክሳለን። ድምሩ ይሞላል፤ ጉድለቱ ግን በቦታው ሆኖ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያዛንፈዋል። እኛ ይህን የተማርነው ከ20 መስመር ክር ነው፤ ክሩም ተተርትሮ እንደገና ለመሠራት እሺ ብሎናል።